የሞዴሉ ማኅበር ጸሐፊ

የዑበይዱላህ አስከሬን ከሸምበቆው መሀል የተጎተተው «ብሩህ ማዕበል» የተባለው የዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በሞዴልነት ሊሸለም ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነበር። ሁለት አስጋሪዎች ከተጠመጠመበት መረብ ጋር ወደ ዳር ሲያወጡት፣ ትንሽ ራቅ ብለው ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች መዶሻቸውን ለአፍታ አቆሙ። ከዚያ ቀጠሉ፤ እንግዶቹ ከክልል ተነሥተዋልና።

ኢንስፔክተር ሰብለወንጌል ከደሴ የደረሰችው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሃያ ዓመት ወንጀል ስትመረምር ሰውን መጠርጠር ብቻ ሳይሆን መናቅንም ለምዳለች፤ ንቀቷን ለመደበቅም አትደክምም። ሳጅን ዋለ ተቀብሎ ሰላምታ ሰጣትና ነገሩ ያለቀ መሆኑን አስረዳት። ሟቹ ጎሕ ሲቀድ መረብ ሲጥል ተጠላልፎ ሰጥሟል። አልሰጠመም ከተባለ ደግሞ ሰዑድ የሚባል አስጋሪ ነው የገደለው፤ ትናንት ሰው ፊት ተጣልተዋል።

«ሁለት መልስ ይዘህ ጠበቅኸኝ» አለችው። «አንዱን እንኳ መርምረኸው ቢሆን እኔ ደሴ በቀረሁ።»

ሐኪሙ ከሟቹ ጆሮ ኋላ ያለውን፣ የመቅዘፊያ ጠርዝ የሚመስል ቁስል አሳያት። ሰውየው ውኃ ውስጥ የገባው ከተመታ በኋላ ነው። ስለዚህ የዋለ አንደኛው መልስ እዚያው ወደቀ።

የሟቹ ሚስት ኢቲሳም ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዑበይዱላህ አምስት ዓመት ጅዳ ሠርቶ ተመልሶ፣ ባመጣው ገንዘብ ጀልባ ገዝቶ ዓሣ ማስገር እንደጀመረ ነገረቻት። ጽሕፈት ስለሚያውቅ የማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉት። ዛሬም ሱብሂ ሰግዶ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በደኅና ከቤት ወጣ።

«ዛሬ ለእንግዶቹ ሊናገር ነበር» አለች ኢቲሳም። «አትናገር ብለውት ነበር። እሱ ግን ወላሂ እናገራለሁ አለ።»

ሊናገር የነበረው ይህ ነው። ማኅበሩ ሃምሳ ሁለት አባላት አሉት፤ ከእነሱ ውስጥ መረብ ይዘው ሐይቁ ላይ የሚወጡት ዐሥራ ሁለት ነበሩ። የቀሩት ባለሱቆች፣ የባለሱቆች አማቾች፣ የዓሣ ሽታ እንኳ የማይወዱ የደሴ ሰዎች ናቸው። ለሞዴል ማኅበር ከሽልማቱ ጋር የሚሰጠው ነገር ደግሞ ሐይቁ ነው፦ ከመጪው ወር ጀምሮ ከማኅበሩ አባላት በቀር ማንም እንዳያሰግር። ይህ ከታወቀ በኋላ ከዐሥራ ሁለቱ ዐሥራ አንዱ «ስብሰባ ባለመገኘት» ከአባልነት ተሰረዙ። ስብሰባው የሚጠራው ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ፣ እነሱ ውኃው ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ነበር። ያልተሰረዘው ጸሐፊው ብቻ ነው።

ሰዑድ ከተሰረዙት አንዱ ነው። ከዑበይዱላህ ጋር መጣላቱን አልካደም። ዝም በል፣ ለምነን እንመለሳለን ብሎት እንደነበር፣ ዑበይዱላህም የራስን ሐይቅ መለመን ውርደት ነው እንዳለው ተናገረ። ሰብለወንጌል አስከሬኑ የተጠመጠመበትን መረብ ከታሰረበት ጀሪካን ጋር አሳየችው። ሰዑድ በጣቱ ነካ አድርጎ ተወው።

«ይኼ የእኛ መረብ አይደለም» አለ።

«የማነው?»

«ማኅበሩን የሚረዳው ፕሮጀክት ለእኛ ብሎ የሰጠው ነው። መጋዘን ተቆልፎበት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይወጣል፤ ፎቶ ተነሥቶ ይገባል። ውኃ ነክቶ አያውቅም። ደሞ ይቺን ጀሪካን ማን አሰራት?»

«ምን ሆነች?»

«መረብ ላይኛው ጠርዙ ቡሽ ነው፣ ታችኛው የሚያሰምጠው እርሳስ። ምልክት የሚሆነው ጀሪካን የሚታሰረው ከቡሹ ነው። ይኼ ከእርሳሱ አስሮታል። ቤተ ክሲያን በጉልላቱ እንደመትከል ያለ ነው፣ እሜቴ።»

የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ነው። አንደኛው ከሊቀመንበሩ ከአቶ ዝናው ዘንድ ነው። አቶ ዝናው የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ናቸው፤ የአስጋሪዎች መሪ ሆነው ስምንት ዓመት ሲቀመጡ ጀልባ ላይ የወጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ታስራ ሳለች። ጎሕ ሲቀድ የት ነበሩ ቢባሉ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ኪዳን ሲያደርሱ እንደነበር ተናገሩ። ሰብለወንጌል ሳጅን ዋለን ወደ ገዳሙ ላከችው። ዋለ በእግሩ ሄዶ፣ በላብ ተጠምቆ ተመለሰ። መነኮሳቱ አቶ ዝናውን አይተዋቸዋል፤ እንዲያውም የወጡት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ከአቶ ውበቱ ዘንድ ነበር። ውበቱ ፕሮጀክቱ የቀጠረው የማደራጃ ባለሙያ ነው፤ ማኅበሩ ከተሸለመ የዞኑ አስተባባሪ እንደሚሆን ቃል ተገብቶለታል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወንበር ሲያስደረድር አገኘችው። ሐዘኑ ከባድ መሆኑን ገለጸላት። ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ተኝቶ ነበር፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። ወሬውን አንድ ሰዓት ላይ እንደሰማ ቢሮው ሄዶ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ማተሙን፣ ከዚያ ወዲህ ከድንኳኑ ፈቀቅ አለማለቱን ነገራት፤ አንዱንም ቅጂ ሰጣት። በተራ ቁጥር አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለማኅበራችን ጸሐፊ ለወጣት ዑበይዱላህ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት»። ሁለተኛው የሊቀመንበሩ ንግግር ነው።

«እዚሁ ነው ያተምኸው?» አለችው።

«እዚሁ፣ ሐይቅ ከተማ ቢሮአችን። ሟችን ማክበር ግዴታችን ነው።»

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከድንኳኑ ስትወጣ የድምፅ ማጉያ ባለሙያው ገመዱን ከመኪና ባትሪ ጋር እያገናኘ ያጉረመርም ነበር። ለምን ከቆጣሪ እንደማያገናኝ ጠየቀችው። መለሰላት። ከዚያ ፕሮጀክቱ ቢሮ ሄዳ ከጥበቃው ጋር ጥቂት ተነጋገረች፤ የውበቱን ሪፖርቶችም አገላበጠች፤ ሳጅን ዋለንም የፕሮጀክቱን መኪና እንዲፈትሽ ላከችው።

እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሰብለወንጌል ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም እንዲቀመጥ አዘዘች። ከፊት እንግዶቹ፣ ከኋላቸው አርባዎቹ ውኃ የማያውቁ አባላት፣ ከድንኳኑ ውጭ ደግሞ ዐሥራ አንዱ አስጋሪዎች ቆመው ነበር። ማንም ግቡ አላላቸውም። እሷ ናት ያስገባቻቸው።

«ይህ ሰው በመቅዘፊያ ተመትቶ ነው የሞተው» ብላ ጀመረች። «ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል መረብ አለበሰው። መረቡ ግን ተቆልፎበት የሚኖር ነው፤ አስጋሪ አያገኘውም። ጀሪካኑንም ያሰረው ከእርሳሱ ነው። ሰዑድ ጓደኛውን ሊገድል ይችላል እንበል፤ መረብ ማሰር ግን አይረሳም። ስለዚህ የምፈልገው ቁልፍ ያለውንና ስለ ዓሣ ምንም የማያውቀውን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ ብርቅ መሆን ነበረበት። እዚህ ግን ሁለት አገኘሁ።»

አቶ ዝናው አንገታቸውን ደፉ።

«አቶ ዝናው ገዳም ነበሩ። መነኮሳቱ ይመሰክራሉ። ውበቱ፣ ይህን ወረቀት መቼ አተምኸው?»

«ነግሬዎታለሁ፤ ዛሬ ጠዋት።»

«ሐይቅ ከተማ ከትናንት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም። እንግዶቹ አሁን የሚሰሙኝ በመኪና ባትሪ ነው። የቢሮህ ጄኔሬተር ነዳጅ ካየ ሁለት ወሩ ነው፤ ጥበቃው ነግሮኛል። ያተምኸው ትናንት ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት። ዑበይዱላህ ትናንት ማታ እራቱን በልቶ ተኝቷል፤ ዛሬ ሱብሂ ሰግዷል። አንተ የኅሊና ጸሎቱን ያተምኸው ሰውየው በሕይወት ሳለ ነው።»

ሰብለወንጌል ወረቀቱን ከፊቱ አስቀመጠች።

«ለምን እንዲህ ያለ ሞኝነት እንደሠራህ ገርሞኝ ነበር» አለች። «ኋላ ሪፖርቶችህን አየኋቸው። ሥልጠናው ሳይሰጥ ተሰጥቷል፣ ዓሣው ሳይሰገር ተሰግሯል። ሁሉንም አስቀድመህ ነው የምትጽፈው። ሞቱንም እንደለመድኸው ጻፍኸው፤ ከዚያ ለመፈጸም ሄድህ።»

ሳጅን ዋለ ከፕሮጀክቱ መኪና ያወጣውን በጭቃ የተነከረ ሱሪና ደም የነካው መቅዘፊያ ይዞ ገባ። ውበቱ ሱሪውን አየ፤ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ጠርዝ ለጠርዝ አስተካከለ።

«ረቂቅ ነበር» አለ በዝግታ። «እንዳይናገር ከተስማማ እቀይረው ነበር። ጠዋትም ሄጄ ለመንሁት። እምቢ አለኝ።»

ይዘውት ወጡ። የእንግዶቹ መሪ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ጉዳዩ የአንድ ግለሰብ ስለሆነ የምስክር ወረቀቱን አስረክቦ መሄድ ይቻል እንደሆነ ኢንስፔክተሯን በትሕትና ጠየቃት።

«ያስረክቡ» አለችው። «ለማን እንደሚሰጡት ግን አጣርተው። ተቀባዩን እኔም ለምርመራ እፈልገዋለሁ።»

ከአርባዎቹ አንድም ሰው አልተነሣም። መሪው ወረቀቱን ወደ ቦርሳው መለሰ።

ኢቲሳም ያን ጊዜ ከኋላ መጣች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።

«አንቱ» አለቻት፣ «ሬሳውን መቼ ትሰጡኛላችሁ? ፀሐይ ሳትበረታ ልቅበረው።»

ሰብለወንጌል ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን እንዳነጋገረች አሰበች። ስለ ሽልማቱ፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ማኅበሩ ስም ጠይቀዋታል። ስለ ሰውየው የጠየቀቻት ይቺ ብቻ ናት። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«አሁኑኑ፣ እታለሜ» አለች። «አብሽሪ። አሁኑኑ።»

ሰዑድ ጫማውን አወለቀና ጓደኛውን ሊሸከም ወደ አስከሬኑ ሄደ። የቀሩት ዐሥሩ አስጋሪዎች ተከተሉት።