ቀዩ ጃንጥላ የማን ነው?

የቢቸናው አቶ ገብረ ክርስቶስ ያላስታረቁት ሰው የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ድንበር የተገፋፉ ጎረቤታሞች፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች ሁሉ እሳቸው ደጅ ይመጣሉ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው «እስቲ አንተ ጀምር» ካሉ ጠቡ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ታዲያ ችግር በገዛ ቤታቸው ሲገባ ይህንኑ የሚያውቁትን ዘዴ ቢያወጡ ማን ይፈርድባቸዋል?

ልጃቸው ፋንታነሽ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ሕመሙ ከጀመራት ሁለት ዓመት ሆናት፤ አልፎ አልፎ ሰው መካከል እንደተቀመጠች ትጠፋለች። ዓይኗ ይፈዛል፣ ድምፅዋ እንደ ትንሽ ልጅ ይቀጥናል፣ ስሟን ቢጠሯት አትሰማም። ስትመለስ ምን እንደተናገረች አታስታውስም። «ስንት ሰዓት ሆነ?» ትላለች፣ ፊቷ በሐፍረት ቀልቶ።

ጸበል ወሰዷት። ልቧ ተረጋጋ፤ መጥፋቱ ግን አልቀረም። አቶ ገብረ ክርስቶስ «ይህ የመጣብን እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በሽምግልና ይሸኛል» ብለው ወሰኑ። ልጅቷ በጠፋች ቁጥር ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ፊት ለፊቷ ይደረደሩና ይጠይቃሉ።

«ስምዎን ይንገሩን እንጂ! ከየት መጡ? ምን በድለንዎት ነው? ምንስ ቢሰጥዎ ይሄዱልናል?»

ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ የሚሉት ለገዛ ልጃቸው ነው። በሰባተኛው ሽምግልና ላይ ያች ቀጭን ድምፅ እየፈራች «ቀይ ጃንጥላ» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጃንጥላው በማግስቱ ተገዝቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የእንግዳው ነውና ማንም እንዳይነካው ተባለ፤ ፋንታነሽም ጭምር።

እርቁ ግን አልሰመረም። በጠየቋት ቁጥር መጥፋቷ እየረዘመ ሄደ። ጥር ላይ ክፍል ውስጥ ሕፃናቱ መሐል ጠፋች። ማንም አልተጎዳም፤ ሕፃናቱ እንዲያውም አብራቸው የምትጫወት መስሏቸው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግን «ታከሚና ማስተማር እንደምትችዪ ባለሙያ ይጻፍልሽ። እስከዚያ ክፍሉን ላስረክብሽ አልችልም» አሏት። ፋንታነሽ ያን ክፍል እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታየው። እቤት ገብታ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች።

አብራት የምታስተምረው ጓደኛዋ ምሥራቅ ግን ለቅሶ አትወድም። «በሽታ ከሆነ ሐኪም አለው» ብላ ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሄደው የሚጥል በሽታ እንዳልሆነ ተረጋገጠ፤ ሐኪሙም የሥነ ልቦና ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገራቸው። ከዚያ ባለሙያ ፍለጋው ተጀመረ። አንደኛው፣ እንዲህ ያለ ሕመም አክሞ እንደማያውቅ ነግሯቸው በጨዋነት ተሰናበታቸው። ሌላው «አምጧት! በአንድ ቀን አስለፍልፌ አወጣላችኋለሁ» አለ።

«ይህ ነው እንጂ ሰው!» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ የሚያስለፈልፈኝ ሰው አልፈልግም» አለች ፋንታነሽ።

ሦስተኛዋ ዘይዳ የምትባል የሞጣ ባለሙያ ነበረች። «እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነው ያከምኩት» አለች በስልክ። «ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ አስተማሪዬን እያማከርኩ ነው የምሠራው። መጀመሪያ እንተዋወቅ። ካልተስማማሁሽ ሌላ ሰው አብሬሽ እፈልጋለሁ። ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ምን እንዲቀልልሽ ትፈልጊያለሽ?»

አቶ ገብረ ክርስቶስ አኮረፉ። «ሁለት ሰው ብቻ ነው ያከምኩት የምትል ሐኪም ምን ትሠራልናለች?»

«እኔን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት» አለች ልጃቸው።

ማክሰኞ ጠዋት አባትና ልጅ በሚኒባስ ወደ ሞጣ ሄዱ። ሽማግሌው መንገዱን ሙሉ አንድ መጽናኛ ነበራቸው፤ ሞጣ ላይ የሚያውቃቸው የለም። ከመኪናው ሳይወርዱ «ጋሽ ገብረ ክርስቶስ! ምን እግር ጣለዎት?» የሚል ድምፅ ተሰማ። የቢቸናው የበርበሬ ነጋዴ ውበቴ ነበር።

«ሰርግ ተጠርተን ነው» አሉ ሳያስቡት።

«በማክሰኞ?»

«የ... የሩቅ ዘመድ ነው» ብለው ልጃቸውን እየጎተቱ አመለጡ። ፋንታነሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ከት ብላ ሳቀች።

ዘይዳ መጀመሪያ ፋንታነሽን ብቻዋን አነጋገረች፤ ቀጥላ በእሷ ፈቃድ አባትየውን አስገባች።

«ልጄ፣ እንግዳው ስሙን ነገረሽ?» አሏት ዘይዳን፣ ገና ሳይቀመጡ።

«አባቴ፣ እንግዳ የለም» አለች ዘይዳ ፈገግ ብላ። «ሰው በልጅነቱ ከአቅሙ በላይ የሆነ ፍርሃት ሲደርስበት አእምሮው ራሱን ከፍሎ የሚሸሸግበት ጊዜ አለ። በኋላ ሲጨንቀው ወደዚያው ይሸሻል። በጠየቃችኋት ቁጥር የራቀችው ፈርታ ነው። የምትናገረውም፣ የምትፈራውም፣ የምታስተምረውም ያው ፋንታነሽ ናት።»

«ምን ነበር ያስፈራት?»

«እሱን እኔ አልነግርዎትም፤ እሷ በፈለገች ጊዜ ትንገርዎ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከእንግዳው ጋር ከሰባት ጊዜ በላይ ተቀምጠዋል። ከፋንታነሽ ጋርስ ስንት ጊዜ ተቀመጡ?»

አቶ ገብረ ክርስቶስ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በዕድሜያቸው ሙሉ የሁሉን ወገን ቃል ሰምተዋል፤ የልጃቸውን ቃል ግን አንድ ቀን አልሰሙም። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

«መስማትን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅበት የለም። ይህንኑ ለእሷ ያድርጉላት።»

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ የሞጣ ቀን ሆነ። ፋንታነሽ ልትጠፋ ስትል ምልክቱን መለየት፣ እግሯን መሬት ላይ አጥብቃ በዙሪያዋ ያለውን እየቆጠረች መመለስ ተማረች። አባቷ ጥያቄያቸውን ትተው «እኔ አባትሽ ነኝ፤ ያለሽው ቤትሽ ነው» ብለው አጠገቧ መቀመጥ ለመዱ። ሽምግልናው ተበተነ። አንዳንዴ አሁንም ትጠፋለች፤ ግን በዓመቱ መጨረሻ መጥፋቷ በወር ከአንዴ አያልፍም ነበር፤ እሱም ለጥቂት ደቂቃ። ነሐሴ ላይ ዘይዳ፣ ምሥራቅ አብራት ክፍል ውስጥ እስካለች ድረስ ማስተማር እንደምትችል ጻፈችላት፤ ርዕሰ መምህሩም ደስ ብሏቸው ተቀበሉት።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት ጠዋት ዝናቡ ይወርዳል። ፋንታነሽ በሩ ላይ ቆማ ታመነታለች።

«ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ አባቷ።

ወደ ግድግዳው አመለከተች። «ያን ጃንጥላ። ልጅ ሳለሁ ስመኘው የኖርኩት ነው። የጠየቅሁዎት እኔ ነበርኩ።»

አቶ ገብረ ክርስቶስ ወንበር ላይ ወጥተው አወረዱት፤ አቧራውን በጋቢያቸው ጠርገው ከፈቱላት። እየሳቁ ወጡ። መንገድ ላይ ውበቴን አገኙት።

«ጋሼ፣ ያ የሞጣው ሰርግ አላለቀም እንዴ? በየሳምንቱ ነው የማይዎት!»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችላቸው። «ሰርግ አልነበረም። ልጄን እያሳከምኩ ነው። አእምሮም እንደ ሌላው አካል ይታመማል፤ ይታከማልም።»

የውበቴ ሳቅ ጠፋ። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የባለሙያዋን ስልክ ይሰጡኛል? እህቴ... እኛም የያዛትን ስም እየጠየቅናት ነው።»

አንባቢዬ፣ በእርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር አይደብቁት፤ ፊት ለፊቱ ተደርድረው አይመርምሩት። ጸበሉንም ጸሎቱንም አይከለክሉት፤ ባለሙያም ይፈልጉለት። በአንድ ቀን አድናለሁ ከሚል ይልቅ የሚያውቀውን አውቃለሁ፣ የማያውቀውን አላውቅም የሚለውን ይምረጡ። ከሁሉ በፊት ግን የታመመውን ሰው ራሱን ይጠይቁት።

ፋንታነሽ ትምህርት ቤቱ በር ስትደርስ ሕፃናቱ እየጮኹ ሮጠው ጃንጥላው ሥር ተሰገሰጉ።

«ቲቸር፣ ቲቸር! ይሄ ቀይ ጃንጥላ የማን ነው?»

«የእኔ» አለች።