ያልጎደለው ጥርስ

ሽማግሌው የታሪክ ምሁር የተገኙት በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው የአጽም ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍተው ነበር። ጥፍሮቻቸው ተሰባብረዋል። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ፣ አየሩን አባርሮ እሳት የሚያጠፋው ጋዝ ተለቅቋል። የጋዙ እጀታ ያለው ደግሞ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው።

ገለባ አታሳልፍም ተብላ «ወንፊት» የሚል ቅጽል የወጣላት መርማሪ ብቻዋን ሆና ሬሳውን ገለበጠች። ከሥሩ፣ የጥርስ ሐኪም የሚይዛት ዓይነት፣ ዘንግ ያላት ትንሽ መስታወት አገኘች። ለማንም አልተናገረችም።

ጠረጴዛው ላይ የአንዲት ጥንታዊት ግብፃዊት የራስ ቅል አለ። አጠገቡ በዚያው ቅል ልክ የተሠራ የሸክላ ፊት ተቀምጧል። በማግስቱ ለሕዝብ ሊታይ ነበር።

የምድር ቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሌሎች ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የሙዚየሙን ኃላፊ ጠየቀች።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ከእሳቸው ጋር ያልተጣላ ማን አለ? እኔ ፊቱ ቀላ እንዲል ፈለግሁ፤ ፖስተሩም ታትሟል። እሳቸው ደግሞ የግብፅ ወንዝ ከደቡብ ነው የሚወርደው፣ ሰውም አብሮት ወርዷል ባይ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው።»

ቀጥላ የገባችው ቀራፂዋ እጇ ገና ከቀለም አልጸዳም።

«ዛሬ ጠዋት ቀለሙን አስጠርገውኛል። ተናድጄ ጮኼባቸዋለሁ። ግን እውነታቸውን ነው፤ አጥንት የአፍንጫን ስፋት ይነግረኛል እንጂ የቆዳን ቀለም አይነግረኝም።»

«ሌላስ?»

«ትንሿን መስታወቴን ተዋሱኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

የመጨረሻው የዘረመል ተመራማሪው ነው፤ የሟቹ የቀድሞ ተማሪና የልጃቸው ባል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዛሬ ምድር ቤት ወርደዋል?»

«ዝርም አላልኩ። አባባ ሰው አይሰሙም ነበር። ከሴትዮዋ ጥርስ ዘረመል አውጥቼ ዘሯ ከባሕር ማዶ መሆኑን ባሳይ እንኳ አልተቀበሉኝም። ይኸው በመስታወት የሬሳ አፍ ሲያዩ ሞት ቀደማቸው። ቀራፂዋን ይጠይቋት፤ ጠዋት ለያዥ ለገናዥ አስቸግራ ነበር።»

ወንፊት ሦስቱንም ወደ አጽሙ ክፍል ወሰደችና ጥበቃው በሩን ከውጭ እንዲዘጋው አዘዘች። ክፍሉ ጠበበ። ኃላፊው ክራቫቱን አላላ።

«መዝጋቱ ለምን አስፈለገ?»

«ቶሎ እንድንጨርስ። ሁላችሁም ስለ ቀለም ነገራችሁኝ። ቀለም ለሚያይ ሰው ግን የጥርስ መስታወት ምን ይሠራለታል?» መስታወቷን አውጥታ ከቅሉ የላይኛ ጥርሶች ጀርባ አስገባች። «የዘረመል ጥናቱን አንብቤዋለሁ። ከላይ በግራ በኩል የመጨረሻው ጥርስ ለምርመራ ተቦርቡሯል ይላል። እዩት፤ ጭረት እንኳ የለውም። ሌሎቹም እንደዚያው። የተመረመረው ጥርስ የሌላ ሰው ነው።»

«ስህተት ይኖራል» አለ አማቹ።

«ይኖራል። ስህተት ግን በር አይቀረቅርም። ሟቹ መስታወቱን የተዋሱት ዛሬ ጠዋት ነው። እኔ ያገኘሁት ከሬሳቸው ሥር ነው፤ ለማንም አላሳየሁም። ያዋሰቻቸውም ለምን እንደፈለጉት አታውቅም። ዝርም አላልኩ ያልከኝ አንተ፣ አፍ ሲያዩበት የት ሆነህ አየሃቸው?»

ሰውየው በሩን ተመለከተ። ላቡ አገጩ ላይ ደርሷል።

«ጥርሱ ተቀላቅሎብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሳውቅ ጥናቱ ወጥቷል፤ ስሜ ተነሥቷል፤ መመለሻ አጣሁ። ዛሬ ሲደርሱብኝ፣ ለልጅዎ ሲሉ ይተዉት ብዬ ለመንኳቸው። ለልጄ ስል ነው የማልተወው አሉኝ። ወጥቼ ቀረቀርኩ። እጀታውን ሳብኩት።»

«ከዚያስ?»

«አንኳኩ። ልጄ እያሉ ጠሩኝ። ዝም እስኪሉ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር።»

ወንፊት ወደ በሩ ተጠጋችና፣ ጥበቃው እንዲከፍትላቸው በሩን ከውስጥ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

ሰውየው በሁለት እጁ ጆሮውን ደፍኖ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።