ዘንባባው ሥር የተቀመጠችው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ወንዝ ዳር ጥላ ታየ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሰው አስነጠሰ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ እርግጥ አንዴ አጥር ላይ ያሰጣሁትን የራሴን ጋቢ አይቼ እስከ ጎረቤት ድረስ ሮጫለሁ፣ እሱ የዓይን ድካም ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

ከገሳይ ከተማ ወዲህ፣ ቤተ እስራኤሎች ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዳቸው በፊት ይኖሩበት በነበረው ቦታ ድንች ስቆፍር አንዲት የብር ሳንቲም አገኘሁ። ጠርጌ ባያት፣ ዘንባባ ሥር አንገቷን ደፍታ የተቀመጠች ሴት፣ ከኋላዋ ደግሞ እሷን እያየ የቆመ ወንድ አለባት። እመቤታችን በስደቷ ጊዜ፣ ጠባቂዋም ዮሴፍ! ሌላ ማን ይሆናል? ሁለቱንም ተሳለምኩ። የልጅ ልጄ ክርስትና እሑድ ነበርና፣ አስቀልጬ የማተብ መስቀል ላሠራላት ቆረጥኩ፣ በእኛ ቤት የልጅ መስቀል የሚሠራው ከቆየ ብር ነው።

ከአረብ አገር የተመለሰችው ልጄ የሺ፣ "አባዬ፣ ከሱቅ ግዙላትና ይረፉ" አለችኝ። እምቢ አልኩ፣ ጥርሴ ካለቀ ወዲህ የቀረኝ ሀብት ግትርነቴ ነው።

ደብረ ታቦር ያለው ብር ሠሪ ወናፉን እያናፋ ከሰሉን አነደደው፣ ሳንቲሟ ግን እንኳን ልትቀልጥ መሞቅም እምቢ አለች፣ በጉጠት ሲያወጣት ጭራሽ ረጥባለች።

"አባባ፣ ውሰዱልኝ ይሄን ነገር!"

"ወናፍ መንፋት ሳትችል ብር ሠሪ ነኝ ትላለህ!" ብዬው ወጣሁ፣ የምመለስበት መኪና ደግሞ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ፣ በእግሬ ገባሁ።

ሙዳይ ውስጥ ከተትኳት። ከዚያ ወዲህ ሕፃኗ ባለቀሰች ቁጥር ከሙዳዩ ውስጥ ሌላ ሰው አብሯት ይንሰቀሰቅ ጀመር። "የሺ፣ ዝጊልኝ ይሄን ፊልምሽን!" ብዬ ጮህኩ።

"ስልኬ ባትሪ ከጨረሰ ቆየ እኮ፣ አባዬ።"

እመነኝ፣ ጠጉሬ ቆመ፣ ያለችኝን ያህል ማለቴ ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ አንድ ጎልማሳ ቤተ እስራኤል መጣ፣ በልጅነቱ ከዚያው ቦታ የሄደ፣ የአያቶቹን መቃብር ሊያይ ነው። ሳንቲሟን ሳሳየው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"አባባ፣ ይቺ ማርያም አይደለችም። ሮማውያን ቤተ መቅደሳችንን ካቃጠሉ በኋላ ድላቸውን ሊያሳዩባት የሠሯት ሳንቲም ናት። የምታለቅሰው ምርኮኛዋ ይሁዳ ናት፣ አገራችን። የቆመው ደግሞ የማረካት ሮማዊ ወታደር ነው።"

"ስስመው የከረምኩት?"

"እሱኑ።"

"እንግዲያው ወደ አገሯ ይዘሃት ሂድ፣ እኔንም ገላግለኝ!"

ሕፃኗ እያለቀሰች ነበር፣ ሳንቲሟም እንደ ልማዷ። ጎልማሳው በመዳፉ ጨበጣትና በቀስታ፣ "ነይ እማ፣ እንሂድ" አለ። ሁለቱም ልቅሶዎች ባንዴ ቆሙ። እጁን ሲከፍት በጣቶቹ መሃል ውኃ ተንጠባጠበ፣ ዘንባባው አለ፣ ወንዱ አለ፣ ዛፉ ሥር ግን ማንም የለም።

"ሳንቲሙንስ?" አልኩት ከበር ሲወጣ።

"እሱን ምን ላድርገው፣ አባባ?"

ወታደሩን ጥለውብኝ ሄዱ!

ልጅቷ በሱቅ መስቀል ክርስትና ተነሣች። ሳንቲሙን ሜዳ ወስጄ ቀበርኩት፣ በሳምንቱ ድንች ስቆፍር ከዶማዬ ፊት ወጣ። አሁን ሙዳዩ ውስጥ ነው፣ ድምፅ የለውም። ወታደሩ ድሮ ወደ ሴትዮዋ ነበር የሚያየው፣ አሁን ግን ሙዳዩን እንዴትም አድርጌ ባስቀምጠው ፊቱ ወደ ሕፃኗ መኝታ ነው። የሺ "መድኃኒትዎን ይዋጡ" ትለኛለች። ዋጥኩ፣ ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፣ አሁንም ወደዚያው ነው የሚያየው።