ስድስተኛው ደረጃ

ፈርሃ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ በካይሮ፣ በአይሁድ ሰፈር፣ ወፍራም ድመት ሆዷን ካልሳበች በማታልፍበት ጠባብ መንገድ ዳር ነው። አባቷ ሙራድ እህል ይሸጣል። ፈርሃ ደግ ልጅ ናት፤ አንድ ክፉ አመል ግን ነበረባት፤ መሸነፍ አትወድም። ከገዛ ጥላዋ ጋር እሽቅድምድም ገጥማ፣ «ቀደመኝ» ብላ ሳምንት ያኮረፈች ልጅ ናት! ድምፅዋማ አይነሣ። ስትጮህ በፒራሚድ ውስጥ የተኛው ፈርዖን ይገላበጣል።

መምህር ራሕሚን የጥንቱን ሊቅ የሙሴ ቤን ማይሞንን ትምህርት የሚያስተምሩት በጨዋታ ነበር። ሊቁ እዚያው አገር ሐኪም ሆኖ የኖረ፣ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎ የጻፈ ሰው ነው። መምህር በምኩራቡ ግቢ ስምንት ደረጃ በኖራ ያሰምራሉ። ልጆቹ በሁለት ቡድን ይሰለፋሉ። የተሸነፈው ቡድን አሸናፊውን አዝሎ ግቢውን ይዞራል።

«ፊቱን አጥቁሮ የሰጠ!» ይላሉ መምህር።

ልጆቹ እየተጋፉ ታችኛው ደረጃ ላይ ይከመራሉ።

«ሳይለመን የሰጠ!»

አራተኛው ላይ ይወጣሉ።

አንድ ቀን ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሆኑ። መምህር እጃቸውን አነሡ። «ይህ መለያ ነው! ስድስተኛው ደረጃ። ሰጪው ተቀባዩን ያውቃል፤ ተቀባዩ ግን ሰጪውን አያውቅም። ቀድሞ ምሳሌ ያመጣ ያሸንፋል!»

ከወዲያኛው ቡድን ባሂያ አፏን ልትከፍት ነው። ባሂያ ወላጆች የሏትም። የምትኖረው ከአያቷ ከአባባ ነሲም ጋር ነው። እሳቸውም ብር አንጥረኛ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ተዉ።

ፈርሃ ምላሷ ነደደ።

«አባቴ!» ብላ ጮኸች። «አባቴ ዓርብ ዓርብ ገና ሳይነጋ እነባሂያ ደጃፍ ላይ ምስርና ዘይት ያስቀምጣል!»

«አሸነፍን! በሉ እዘሉን!» አለ አንዱ የቡድኗ ልጅ።

ማንም አልሳቀም። ባሂያ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ለሰንበት የምንበላው… የእናንተ ነው?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ወጥታ ሄደች።

መምህር ራሕሚን ስድስተኛውን መስመር በጫማቸው አጠፉት።

«የአባትሽ ሥራ እዚህ ላይ ነበር፣ ፈርሃ። ከአፍሽ ሲወጣ ወደቀ። ፊቱን አጥቁሮ የሰጠው እንኳ ዛሬ ካንቺ ይሻላል። ሂጂ፣ ደጃቸው ቆመሽ ይቅርታ ጠይቂ።»

«ነገ እሄዳለሁ» አለች ፈርሃ።

ልጆች፣ «ነገ» የምትባለዋን ቃል አትመኗት። ስንቱን በልታለች መሰላችሁ!

በዓርቡ ሙራድ እንደ ልማዱ ሄደ። አባባ ነሲም በሩን ከፍተው ቆመው ጠበቁት።

«ሙራድ፣ ለማላውቀው ሰው ስመርቅ ኖሬያለሁ» አሉት። «አሁን ሳውቅህ፣ ቀና ብዬ ላይህ አቃተኝ። ውሰደው፣ ልጄ።»

ሙራድ ከረጢቱን ተሸክሞ ተመለሰ። ፈርሃን አልመታትም። ቢመታት በተሻላት ነበር።

የብርዱ ወራት ገባ። አባባ ነሲም በዚያ በደከመ ዓይናቸው ወደ መዶሻቸው ተመለሱ። ሳላቸው ከግድግዳ ወዲህ ይሰማ ነበር። ፈርሃ ወደ ደጃቸው ትሄዳለች፤ እጇን ለማንኳኳት ታነሣለች፤ «ከሰንበት በኋላ» ትልና ትመለሳለች።

አንድ ጧት ከዚያ ቤት ለቅሶ ተሰማ።

ፈርሃ ወደ መምህር ሮጠች። «አሁንስ ማንን ልጠይቅ?»

«ደጁ ቅርብ ሳለ ነበር» አሉ መምህር፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ሊቁ እንዲህ ይላል፤ የበደልሽው ሰው ከሞተ፣ ዐሥር ሰው ይዘሽ መቃብሩ ላይ ትናዘዣለሽ።»

ወደ መቃብሩ ሄዱ። ነፋሱ አቧራውን ያንቀረቅበዋል። ከሰፈሩ የመጡት ዐሥር አልሞሉም፤ መቃብር ላይ መዝሙር የሚደግሙ እንግዳ ሰዎች ተጨመሩ። ባሂያ ከኋላ ቆማለች።

«እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለች ፈርሃ። ያ ፈርዖንን የሚቀሰቅስ ድምፅ የትንኝ ያህል ሆነ። «አባባ ነሲምንም በድያለሁ። ምስጢራቸውን አውጥቻለሁ።»

«የምን ምስጢር?» አለ ከእንግዶቹ አንዱ። «ሽማግሌው ሰርቀው ነበር እንዴ?»

ባሂያ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ማንንም አልበደሉም!» አለች ፈርሃ።

«ታዲያ ንገሪና! ደፍኖ መናዘዝ አለ እንዴ? በዚህ ብርድ ያመጣሽን እንቆቅልሽ ልትጠይቂን ነው?»

ሰዎቹ ሁሉ አዩዋት።

«ምስጢሩ የእሳቸው ነው» አለች። «አልናገርም። ብትፈልጉ ምቱኝ።»

ሰውየው ሊቆጣ ሲል መምህር ራሕሚን ትከሻውን ያዙት። «ተው ወንድሜ። የበደለበት ፈተና ዳግመኛ መጥቶለት ያልደገመው፣ እርሱ በእውነት ከበደሉ ተመልሷል ይላል ሊቁ። ይህች ልጅ ተናዝዛለች።»

ከመቃብሩ መልስ አልመጣም። አይመጣም።

ፈርሃ ወደ ባሂያ ዞረች። «ይቅር በይኝ።»

«አሁን አልችልም» አለች ባሂያ። ቢሆንም ወደ ቤት ሲመለሱ ከጎኗ ሄደች።

ባሂያ አክስቷ ቤት ገባች። በዓርቡ፣ ገና ሳይነጋ፣ አክስቷ ደጃፍ ላይ ምስርና ዘይት ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው አውቃለሁ። አትጨቅጭቁኝ፤ አልነግራችሁም።

ልጆች፣ ለተቸገረ ሰው እጃችሁን ዘርጉ፤ በችግሩ ላይ ግን አፋችሁን ዝጉ።