በአንድ ኢሜይል ሦስት ቁልፍ

ቀነዓ የሞተው በቢሮው ጥግ በተነጠፈች የስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ስቧል። ጉንጩ ቀልቶ ለማያውቅ ሰው ከእንቅልፉ ሊነቃ የደረሰ ጤነኛ ወጣት ይመስላል። ኢንስፔክተር ጁሀራ ግን ያንን ቅላት በሌሎች ክረምቶች፣ በሌሎች ቤቶች አይታዋለች። የባሌ ብርድ ስንቱን ሰው ከከሰል ጋር በር አዘግቶ አሳድሯል።

«የከሰል ጭስ ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ያሳዝናል እንጂ ምን ምርመራ አለው?»

ሮቤ ጣቢያ ውስጥ ሁሉም እንደሚያውቀው ጁሀራ ወንበር ላይ አትረጋም፤ ስታስብ ትዞራለች። አሁንም ጠባቧን ክፍል ትዞር ጀመር። ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል፤ እሷም ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች።

የከሰሉ ምድጃ ከፍራሹና ከመስኮቱ መካከል ቆሟል። ሲቀመጥ የተደፋ አመድ እስከ መስኮቱ ሥር ድረስ ተበትኗል። መስኮቱ የብረት ነው፤ ተዘግቷል፤ መቀርቀሪያውም ተቀርቅሯል። ጁሀራ በአንድ እጇ ልታዞረው ሞከረች፤ እምቢ አላት። በሁለት እጇ ይዛ ስትታገለው ነው እያቃሰተ የዞረው። ከዚያ ተመልሳ ብርድ ልብሱን ከሟቹ እግር ላይ ገለጥ አደረገችው። ነጭ ካልሲ አድርጓል፤ የካልሲው ሥር ንጹሕ ነው። ጫማውም በሩ አጠገብ ተደርድሯል፤ ገልብጣ አየችው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ላፕቶፕ ስትነካው በራ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁልፎች፣ ማለትም ኢሜይል የሚያነብ ሰው በጣቱ የሚጫናቸው ባለ ቀለም ሳጥኖች፣ አንዱ ከሌላው በላይ ተቀምጠዋል። የላይኛው አረንጓዴ ሲሆን «ቦታ ይያዙ» ይላል። የታችኛው ዳማ ቀይ፣ ጠርዙ ክብ፣ «ከእኛ ጋር ይውጡ» የሚል ነው። በእያንዳንዱ ሥር የሚወስድበት የድረ ገጽ አድራሻ ተጽፏል። አድራሻዎቹ አይመሳሰሉም። ጁሀራ በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸው።

አስከሬኑ ወደ ጎባ ሆስፒታል ተወሰደ።

«አስታ ጉዞ» ሰዎችን በእግርና በፈረስ ወደ ሳነቴ አምባ የሚያወጣ ትንሽ ድርጅት ነው። ደንበኞቹን የሚጠራው በኢሜይል ነበር፤ ኢሜይሎቹን የሚያዘጋጀው ደግሞ እዚያው ቢሮ የሚያድረው ቀነዓ። ቢሮው ውስጥ የሚሠሩት ሌሎች ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። የግቢው ዘበኛ ወደ ሰርግ ሄዶ ስለነበር ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚናገር የለም።

መጀመሪያ የገባችው እንግዳ ተቀባይዋ መርዋ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች።

«ምድጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ትናንት ማታ ትኩሳት ይዞት ይንቀጠቀጥ ነበር። መድኃኒት ውጦ ሊተኛ ሲል ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ አስገባሁለት። ሳስቀምጠው አመዱን ደፋሁት፤ ነገ እጠርገዋለሁ ብዬ ተውኩት። ወላሂ መስኮቱን ከፍቼ ነው የወጣሁት። ነፋስ እንዳይመልሰውም ካርቶን ወትፌበት ነበር።»

«ከሱ ጋር ተጣልተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰሞኑን ተኳርፈን ነበር። እንድንጋባ ይፈልግ ነበር፤ እኔ ቤተሰቦቼን ፈራሁ።» ድምጿ ተሰበረ። «ለዚህ ብዬ ነው ምድጃውን የወሰድኩለት። እንድንታረቅ።»

ጁሀራ ወደ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች። «የትናንቱን ሥራውን አይተሽዋል?»

«ጠዋት ለሁላችንም የሙከራ ኢሜይል ላከልን። እኔ ኮምፒውተር ላይ ቁልፉ የለም፤ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። ስነግረው ሳቀና ‹አየሽ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው› አለኝ።»

ቀጥሎ የድርጅቱ ባለቤት አቶ ተሰማ መጡ። ጠዋት በሩን ከፍተው አስከሬኑን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሙከራውን ኢሜይል አይተውታል?»

«በስልኬ አይቼዋለሁ ልጄ። አረንጓዴ ቁልፍ ነው፤ ‹ቦታ ይያዙ› ይላል። ምሳ አብረን ስንበላ፣ ‹ይሄ እኮ የአውቶቡስ ረዳት ጩኸት ይመስላል፤ ከእኛ ጋር ይውጡ በለው› አልኩት። በጣም ደስ አለው። ‹ጋሼ፣ አሁኑኑ ገብቼ እቀይረዋለሁ› ብሎ ምግቡን ሳይጨርስ ተነሳ።» ሽማግሌው መሐረባቸውን አወጡ። «ያን ጊዜ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ነበር፤ ‹ሲመጣ እልክልዎታለሁ› አለኝ። ኢንተርኔቱ የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው።»

የጁሀራ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ኮማንደሩ ነው፣ ከጎባ።

«ምድጃውን ያስገባችው ልጅ አምናለች አሉ። በቸልተኝነት ያዣትና ፋይሉን ዛሬ እንዝጋው። ቤተሰቦቹ አስከሬኑን ስጡን እያሉ ነው።»

«ጌታዬ፣ እስከ ማታ ይስጡኝ።»

«እስከ አሥር ሰዓት!»

ስልኩን ዘግታ ወደ ግቢው ስትወጣ የሟቹ ታላቅ ወንድም ዳቢሴ ከበሩ እስከ አጥሩ እየተመላለሰ አገኘችው። ከጎባ በሚኒባስ መጥቷል።

«ማሎ፣ እባክዎ ኢንስፔክተር፣ እናቴ አጋርፋ ቤታችን ደጅ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው። ወንድሜን ይስጡኝ።»

«ዛሬውኑ ትወስደዋለህ» አለችው። በእጇ ያለው ግን ገና ንጹሕ ካልሲና ጠንካራ መቀርቀሪያ ብቻ ነበር።

መጨረሻ የጠራችው የሽያጭ ኃላፊውን ፍቅረሥላሴን ነው። የተስተካከለ ጺም ያለው፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አረንጓዴውን ቁልፍ ከዓመት በፊት የሠራው እሱ መሆኑን አልደበቀም።

«ቀነዓ ሥራህን ሲተች ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለችው።

«ማን ነው ያለው? እንዲያውም አዲሱን በጣም ነው የወደድኩለት። ዳማ ቀይ መሆኑ ከሩቅ ይጠራል። ‹ከእኛ ጋር ይውጡ› የሚለውም ልብ ይነካል። የምቀና ሰው እንዲህ ይላል?»

ጁሀራ ዞር ዞር ማለቷን አቆመች። «የት ሆነህ አየኸው?»

«እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ትናንት ጠዋት በላከው ኢሜይል። ከዚያ ወደ ጎባ ሄድኩ፤ እዚያው እህቴ ቤት አደርኩ። ወደ ሮቤ የተመለስኩት ዛሬ ጠዋት፣ መርዶውን ሰምቼ ነው።»

«በስልክህስ አላየኸውም?»

«ኢሜይል በስልክ አልከፍትም።»

አመሰገነችው። በኋላም ኮምፒውተሩን ራሷ ከፍታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀጥላ የአቶ ተሰማን ስልክ ተቀብላ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ትልቁ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዳቢሴም ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ኮማንደሩ ሌላ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ አላነሳችም።

«መስኮቱን ማን ዘጋው?» ብላ ጀመረች። «ነፋስ መስኮት ይመልስ ይሆናል፤ መቀርቀሪያ ግን አይቀረቅርም። ብርድ ሲብሰው ቀነዓ ራሱ ተነስቶ ዘግቶት ቢሆን ኖሮ፣ ወደ መስኮቱ ለመድረስ መርዋ የደፋችውን አመድ መርገጥ ነበረበት። ካልሲው ንጹሕ ነው። ጫማውም ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ገብቷል።»

«መርዋ ነቻ!» አለ ፍቅረሥላሴ። «ምድጃውን ያስገባችው እሷ አይደለች?»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አሰብኩ። ከዚያ ግን ሦስታችሁ ስለ አንድ ኢሜይል ሦስት የተለያየ ነገር ነገራችሁኝ።» ወደ መርዋ ዞረች። «አንቺ ምን አየሽ?»

«ባዶ ሳጥን።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«አረንጓዴ። ‹ቦታ ይያዙ› የሚል።»

«ሁለታችሁም እውነት ነው የነገራችሁኝ። አረንጓዴው ቁልፍ ፎቶ ነው። የጋሼ ስልክ ፎቶውን አውጥቶ ያሳያል፤ የዚህ ቢሮ ኮምፒውተሮች ግን ካልታዘዙ በስተቀር የኢሜይል ፎቶ አይከፍቱም። ብዙ ደንበኞችም እንዲሁ ባዶ ሳጥን እያዩ ኢሜይሉን ዘግተውታል። ቀነዓ ይህን ሊያስተካክል ፈልጎ ቀለሙንም ቃሉንም በኢሜይሉ በራሱ ውስጥ እየጻፈ፣ ፎቶ ሳያስፈልገው የትም የሚታይ ቁልፍ ሠራ።»

ጁሀራ የፍቅረሥላሴን ኮምፒውተር ወደ ሰዎቹ አዞረችው። በጠዋቱ ኢሜይል ግርጌ፣ ቁልፍ በነበረበት ቦታ፣ ባዶ ሳጥን ተገትሯል።

«አንተ ግን ትናንት ጠዋት እዚህ ላይ ዳማ ቀይ ቁልፍ አየሁ አልከኝ። በዚህ ኮምፒውተር ብታየው ባዶ ነበር። በስልክ ብታየው አረንጓዴ ነበር። ‹ከእኛ ጋር ይውጡ› የሚለውን ቃል ጋሼ ያወጡት ምሳ ላይ ነው፤ አንተ ያን ጊዜ ሄደሃል። ቀነዓ ከምሳ በኋላ ሲሠራው ኢንተርኔት ስላልነበረ ለማንም አልላከውም። ዳማ ቀዩ ቁልፍ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱ ከተኛበት ፍራሽ አጠገብ፣ ላፕቶፑ ላይ።»

ቆርቆሮው ተንኳኳ። ማንም ቀና አላለም።

«ለምን ብዬ?» አለ ፍቅረሥላሴ። «ለአንድ ቁልፍ ብዬ ሰው እገድላለሁ?»

ጁሀራ የአቶ ተሰማን ስልክ ሰጠቻቸው። «ጋሼ፣ አረንጓዴው ቁልፍ የሚከፍተውን ገጽ ይመልከቱት።»

ሽማግሌው ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩት። «ሳነቴ ነው... ፎቶው የእኛ ነው። ስሙ ግን የእኛ አይደለም።» ወደ ታች አወረዱትና ጣታቸው ቆመ። «ይሄ ስልክ ቁጥር... ፍቅሬ፣ ይሄ እኮ ያንተ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ለፋሲካ የደወልኩልህ በዚህ ነው።»

«የራሱን ድርጅት በእናንተ ኢሜይል ሲያስተዋውቅ ነበር» አለች ጁሀራ። «ቁልፉን የሚጫን ደንበኛ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ቀነዓ አዲሱን ቁልፍ ለመሥራት አሮጌውን ሲፈታው አድራሻው ሌላ ሆነበት። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ፣ አድራሻቸውን ሥራቸው ጻፈ። ከዚያ ትኩሳቱ አሸነፈውና ተኛ። አንተ ከጎባ ተመልሰህ ስትገባ ስክሪኑ ላይ ያየኸው ይህንን ነው።»

ፍቅረሥላሴ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለ። «ትናንት ጠዋት ሲያየኝ ዓይኑ ደስ አላለኝም፤ አንድ ነገር የነቃ መሰለኝ። ማታ ስገባ ተኝቷል። ስክሪኑን ነካሁት፤ አየሁት። ምድጃው ፍም ነው። እኔ አልነካሁትም። እጄን አላነሳሁበትም። የዘጋሁት መስኮት ነው። መስኮት ብቻ!»

መርዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ወደ እሱ የምትሄድ መስሎት ፖሊሱ ቀደማት፤ እሷ ግን አልፋው ወደ ደጅ ወጣች። ግቢው መሀል ቆማ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ስትንሰቀሰቅ ተሰማ። አቶ ተሰማ ተከትለዋት ወጥተው ጋቢያቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

ፍቅረሥላሴ በካቴና ተይዞ ሲወጣ ዳቢሴ ከበሩ ገለል አላለም። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ተላለፉ። ጁሀራ እጇን በዳቢሴ ደረት ላይ አድርጋ ያዘችው።

ኮማንደሩ እንደገና ደወለ። አሁን አነሳችው፤ ባጭሩ ነገረችው። አስከሬኑ ይለቀቅ ተባለ።

ወደ ጎባ በምትሄደው መኪና ዳቢሴን ከጎኗ አስቀመጠችው። የስንዴው ማሳ በነፋስ እየተገላበጠ በሁለቱም በኩል ያልፋል። ብዙ ከሄዱ በኋላ ዳቢሴ ጠየቃት።

«ኢንስፔክተር፣ ወንድሜ ሥራው ምን እንደሆነ በደንብ አልገባንም ነበር። እናቴ ሰው ሲጠይቃት ‹ኮምፒውተር ላይ ነው› ትላለች። ዛሬ ለቀብር የሚመጣው ሰው ይጠይቀኛል። ምን ልበል?»

ጁሀራ አሰበች። «ሰው የሚጫነው ቁልፍ ይሠራ ነበር በላቸው። የትም ቢከፈት፣ ማንም ቢከፍተው እንዲታይ አድርጎ።»

ዳቢሴ ቃሉን በልቡ የሚያጠና መሰለ። «ታየለት ታዲያ?»

«ታየለት» አለችው።