ወገብ ላይ አይሆንም

ማክዳ ሻንቆን መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው። ሶዶ፣ የፊዚዮቴራፒ ክፍሏ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ጠበቃት።

«ሲስተር፣ ጭኔ እንደ እንጨት ደርቋል። የአዲስ ዓመታችንን፣ የጊፋታን ጭፈራ የምመራው እኔ ነኝ፤ አደራሽን።»

ዞሮ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ግን ጭኑን ረሳው። እሷም ሥራዋን። ከደሴ ተመድባ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ሆና አታውቅም።

በሌላ ቀን ሲመጣ የራሷን ሮለር አዋሰችው። ሲበራ እየተንቀጠቀጠ የተሳሰረ ጡንቻ የሚያፍታታ ነው።

«በዝቅተኛው ቁጥር ጀምር። ጭንህና ባትህ ላይ ቀስ እያልክ አንከባለው፤ አንድ ቦታ ከደቂቃ በላይ አትቆይ። አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ፣ በተለይ ወገብህ ላይ አይሆንም። ካመመህ ተወው።»

«የወላይታ ጭፈራ እኮ ወገብ ነው፣ ሲስተር።»

«ለዚያ ነው የምጠብቅልህ።»

ሻንቆ ሳቀ። «እንግዲያው ለጊፋታ እኛ ቤት ነሽ። እናቴ የእንሰት ሙቿ በቅቤ ትሠራልሻለች... እኔም የምነግርሽ ነገር አለ።»

ያን ሰሞን ማክዳ ብቻዋን ስትስቅ ትገኝ ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ ሮለሩ ተመለሰ። ፈጠነች የምትባል እህቱ በፌስታል አምጥታ «አመሰግናለሁ ብሏል» ብላ እብስ አለች። ስልኩ ቢደወል አይነሳም። በቃ፣ ሐሳቡን ቀይሯል አለች ማክዳ። ምን ይደበቃል፣ አለቀሰች። ለበዓሉ ደሴ ልትሄድም ትኬት ቆረጠች።

ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ስትደርስ ፈጠነች ከአረካ ሚኒባስ ስትወርድ ተገጣጠሙ።

«ልትሄጂ ነው እንዴ? ታዲያ ሻንቆን ማን ያየዋል?»

«ምን ሆኖ?»

«ወገቡን ይዞት ተኝቷል። ጫማውን እንኳ የማስርለት እኔ ነኝ። ለሲስተር እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ...» ፈጠነች አፏን ያዘች፤ ነገሩ ግን አምልጧታል።

ማክዳ ከነሻንጣዋ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ቤታቸው ስትደርስ ሻንቆ ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል፤ ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ወገብህ ላይ አደረግከው?»

«...አዎ።»

«በስንት?»

«በመጨረሻው። ባመመኝ ቁጥር እየሠራ ነው ብዬ ጨመርኩበት።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ይሄኔ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አታድርግ ያልሽኝን አድርጌ፣ በምን ፊቴ? ደግሞ ጭፈራውን መርቼ ስጨርስ ነበር ላግባሽ ልልሽ ያሰብኩት። ጎንበስ ማለት ያቃተውን ወንድ ማን ያገባል?»

ማክዳ እንባዋ እየመጣ ሳቋ ቀደማት። እግሮቹን ነካካች። «ይደነዝዝሃል?»

«አይ።»

«ተመስገን። ጡንቻው ነው፤ ይድናል። ዘንድሮ ግን አትመራም።»

በጊፋታ ዕለት አደባባዩ «ዮዮ ጊፋታ» ሲል ጭፈራውን ጓደኛው መራው። ዳር የቆመው ሻንቆ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ወገብህስ ታስሯል፤ ትከሻህስ?» አለችው ማክዳ።

«ትከሻዬ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ዘንድሮ በእኛ አገር ስልት ጨፍር። ከወገብህ በላይ ብቻ፣ ቀስ ብለህ።» ፊት ለፊቱ ቆማ እስክስታ ወረደች።

ሻንቆ እየተደናገረ ተከተላት። ሰዎቹ ሳቁበት፤ እሱ ግን ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም።

«ከርሞስ?» አላት።

«ከርሞማ ወገብህ ይድናል። ያንተን ጭፈራ ለሚስትህ ታስተምራታለህ» አለችው፣ እስክስታዋን ሳታቋርጥ።