መርዶው ይቆይ

አሰግድ ጠዋት ጠዋት አጥሚቱን ሁለት ጊዜ ያጠልለው ነበር፤ መጀመሪያ በሻይ ማጥለያ፣ ቀጥሎ ከስፌት በተረፈ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ። አንዲት የገብስ ቅንጣት እንኳ ብታመልጥ የሚስቱን የላይና የታች ጥርሶች አንድ ላይ በጠፈረው ሽቦ ውስጥ ትሰነቀርና ቀኑን ሙሉ ታሠቃያታለች። ለብ ያለውን አጥሚት መርፌ በሌለው ትልቅ ስሪንጅ እየሳበ በጉንጯና በጥርሷ መካከል ቀስ እያለ ያንጠባጥብላታል፤ ትርንጎም ዓይኗን ጨፍና ትውጣለች። ስትጨርስ በጨው ውኃ ያጉመጠምጣታል፣ አገጯን በፎጣ ይጠርግላታል፣ ያበጠውን ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን መለስ አድርጎ እብጠቱ መጉደሉን ያያል። ከዚያ የደሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን እስኪያለብሰው ድረስ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንገቱ ላይ በክር ያንጠለጠላት ትንሽ የሽቦ መቁረጫ አለች፤ "ካስመለሳት እንዳትታፈን ሽቦውን ቶሎ ቁረጥበት" ብሎ ሐኪሙ የሰጠው ናት።

ትርንጎ መንጋጋዋ ሁለት ቦታ የተሰበረው ቁልቁለቱ ላይ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦባት ነው። ብቻዋን አልነበረችም። የሰባት ዓመት ልጃቸው ናርዶስ ጭኗ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። አሰግድ ልጁን በቀበረ ማግስት፣ የመቃብሩ አፈር ከጫማው ሳይራገፍ፣ ሚስቱ ቀዶ ጥገና የገባችበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ፣ አጥንቱ በብረት መያያዙን፣ አፏ ለስድስት ሳምንት በሽቦ እንደሚታሰር፣ ጩኸትና ትውከት ግን እንደሚያሰጋት ነገረው።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ይህን ሲሰሙ ጺማቸውን ያዙ። "እንግዲህ መርዶው ይቆይ" አሉ። "የሄደችው ላትመለስ፣ ያለችውን እናትርፍ። ሽቦው በተፈታ ማግስት እኔው ራሴ መጥቼ አረዳታለሁ።"

ስለዚህ ትርንጎ እንደነቃች ብዕር ተቀብላ "ናርዶስስ?" ብላ ስትጽፍለት ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ደህና ናት። እጇን ትንሽ ተጫረች እንጂ ምንም አልሆነችም። አንቺ እስክትድኚ ብዬ ኮምቦልቻ እህቴ ብርቄ ጋ ሰድጃታለሁ።"

ትርንጎ ዓይን ዓይኑን አላየችውም፤ አፉን ነበር ያየችው፣ ረጅም ጊዜ።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊቱ አሰግድ ልብስ የሚሰፋበት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ የሚተኙበት። እትዬ ዘሐራና ሌሎቹ ጎረቤቶች ለጥየቃ ሲመጡ ጥቁር ነጠላቸውን አጥሩ ላይ ጥለው፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው፣ ፈገግ ብለው ይገቡ ነበር። አሰግድ ግን የሚጥለው ነጠላ አልነበረውም። ለቅሶው ሲመጣበት የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጥና ያለ ጨርቅ ይረግጠዋል፤ መርፌው ባዶውን እየወጋ፣ ፔዳሉ እየተንቋቋ፣ ድምፁ የእሱን ሲቃ እስኪውጥለት ድረስ።

በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ትርንጎ ስለ ልጇ መጠየቅ ተወች። አሰግድ መጀመሪያ እፎይ አለ፤ ቀጥሎ ግን ነገሩ እንደ እሾህ ይጠቀጥቀው ጀመር። ልጇ ካጠገቧ ለአንድ ቀን ስትርቅ ሦስቴ ስልክ የምትደውል እናት እንዴት አትጠይቅም? ደብተሯ ላይ የምትጽፈው ሌላ ሌላ ሆነ። "ቀስ ብለህ ተራመድ።" "በሩን አታላጋው።" "እትዬ ዘሐራ ስትመጣ እንዳታንሾካሹክ ንገራት።" ራስ ምታት ቢይዛት ነው ብሎ ጫማውን እያወለቀ መግባት ጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት ከስሪንጅ ወደ ስትሮ ተሸጋገረች፤ አንድ ቀን ታዲያ ሁለት ጣቷን አሳየችው። ሁለት ኩባያ። ማገገሟ ነው ብሎ ደስ እያለው ቀዳላት። ሲመለስ አንደኛው ባዶ ነበር፣ ሁለተኛው አልተነካም። በማግስቱም እንዲሁ። ሊደፋው ወደ ጓሮ ሲወጣ እንዳይባክን ብሎ አንዴ ተጎነጨው። አጥሚቱ ወፍራም እንደሆነ ነው፣ መልኩም አልተለወጠም፤ ግን ራሱ ያሟሟው ስኳር የለም፣ ጨው የለም፣ የተቆላ ገብስ ሽታው እንኳ የለም። ምላሱ ላይ የቀረው የረጋ ውኃ ቅዝቃዜ ብቻ ነው። የጎረቤት ድመት እንድትልሰው አስቀመጠላት፤ አሸተተችውና ጆሮዋን አጥፋ ሸሸች።

ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ?

ከሰዓት በኋላ ዝናብ የሚጥልበት ሰሞን ነበር፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ቤቱ በቀን ይጨልማል፣ ከወለሉ የእርጥብ አፈር ሽታ ይነሣል። አንድ እንዲህ ያለ ቀን መኪናውን አቁሞ ክር ሲያስገባ ከመጋረጃው ወዲያ እንጉርጉሮ ሰማ። ትርንጎ ናት፤ በተገጠሙ ጥርሶቿ ስር፣ በአፍንጫዋ፣ ልጅ የምታስተኛበትን ዜማ ታንጎራጉራለች። ከዚያ ምራቋን ልትውጥ ዝም አለች፤ ስትውጥ የጉሮሮዋ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማው። እንጉርጉሮው ግን አልቆመም። ቀጠን ብሎ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዜማውን እየሳተ፣ ትንሽ ሄደ። ከዚያ ጠፋ።

መጋረጃውን ሲገልጥ ትርንጎ ብቻዋን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በግድግዳው በኩል ያለው የአልጋው ክፍል ባዶ ነው። ቀኝ እጇ አየር ላይ፣ የተቀመጠ ልጅ ራስ በሚደርስበት ቁመት፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መልሶም ይነሣል። ባሏን ስታይ እጇን ወደ ጭኗ መለሰች፤ ዓይኗ ግን "አሁን ሂድ" አለው።

ያን ቀን ሊነግራት ቆርጦ ነበር። አጠገቧ ተንበርክኮ፣ አፉን ከፍቶ፣ አንድ ቃል ማውጣት አቃተው። እሷ ጎንበስ ብላ እንባውን በአውራ ጣቷ ጠረገችለትና ደብተሩ ላይ "አይዞህ" ብላ ጻፈች። ለምኑ እንደምታጽናናው ሳያውቅ ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። ወዲያው ትከሻውን ጨበጥ አድርጋ ለቅሶውን አስቆመችው፤ ጣቷንም ከንፈሯ ላይ አደረገች።

በአምስተኛው ሳምንት የናርዶስን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከሣጥን አውጥታ አመጣችለት። "እጅጌው አጥሯታል፤ ልቀቀው" ይላል ጽሑፉ። እንዴት እንደምታውቅ መጠየቅ ፈራ። ስፌቱን ፈትቶ፣ የታጠፈውን ለቆ፣ እንባው በሰማያዊው ጨርቅ ላይ እየተንጠባጠበ ሰፋው። በማግስቱ ካንጠለጠለበት ሚስማር ላይ አልነበረም።

ያን ሳምንት ብርቄ ከኮምቦልቻ ደወለች። ጉሙ ውስጥ፣ ጓሮ ቆሞ፣ "ሰኞ ሽቦው ይፈታል፤ ማክሰኞ ጠዋት ትረዳለች። ናርዶስን የት እንደቀበርናትም…" ሲል ከውስጥ ግድግዳው ተደበደበ። በሁለት እጅ፣ በሙሉ ኃይል። ሮጦ ሲገባ ትርንጎ እንደ ጨርቅ ነጥታ ቆማለች፤ ብዕሩ ወረቀቱን እየቀደደ ጻፈች፦ "እዚህ ቤት እንዲህ አይወራም!"

"ትርንጎዬ፣ ምን ሰማሽ?" አላት።

ወረቀቱን ገለበጠች። ከዚያ በቀስታ "እኔ ምንም" ብላ ጻፈች፤ "እኔ" የሚለውንም ከሥሩ አሰመረችበት።

ሰኞ ሐኪሙ ሽቦውን ፈታ። አጥንቱ ጠንቷል፣ ቀስ በቀስ ትናገር አለ። በመንገድ ላይ አሰግድ "እስቲ አንዲት ቃል" ብሎ ለመናት። ራሷን ነቀነቀች። ቤት ሲደርሱ ከእሱ ቀድማ ገባችና መጋረጃውን ከኋላዋ ዘጋች።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ እንድሪስ ከፊት፣ ከኋላቸው እትዬ ዘሐራና የእድሩ ሴቶች፣ አሁን ጥቁራቸውን እንደለበሱ፣ ጉሙ ውስጥ ቆሙ። ሊቀበላቸው የወጣው አሰግድ በሩን ሳያንኳኳ ትርንጎ ራሷ ከፍታ ወጣች። ፀጉሯን ተበጥራለች፣ ፊቷም ረግቷል። በሩን ከኋላዋ መለስ አደረገችው።

"ልጄ ትርንጎ" ብለው ጀመሩ ጋሽ እንድሪስ፣ "የፈጣሪ ነገር…"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለች። ስድስት ሳምንት ያልተከፈተው አፏ እምብዛም አልተላቀቀም፤ ድምፁ ዝጎ ነበር። "እቅፌ ውስጥ ነው የቀዘቀዘችው። ከመጀመሪያውም አውቃለሁ።"

ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አሰግድ አጥሩን ተደገፈ። "ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ… ለምን አልጻፍሽልኝም? አብረን አናለቅስም ነበር?"

ትርንጎ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዘወር ብላ የበሩን ስንጥቅ አየች፤ ከዚያ ወደ እነሱ ጠጋ ብላ፣ በልመና፣ እስትንፋስ በሚያህል ድምፅ እንዲህ አለቻቸው፦

"እባካችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ እሷ ገና አልተረዳችም።"